የእናቴ ነጠላና የኮከቡ አቧራ

ትናንት የሟች እናቴን ሳጥን ስከፍት የባሕር ዛፍ ሽታ ፊቴን መታው። ልብሶቿን ብል እንዳይበላባት ቅጠሉን በመሐል ትከትበት ነበር። ከላይ ያ ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሳየው ከሐዘኔ ንዴቴ ቀደመ፤ ምን ልበልህ፣ ደሜ ፈላ።

ያኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ፣ እንጦጦ ላይ ባለው ቴሌስኮፕ፣ እየሞተ ያለ ኮከብ ፎቶ አነሳ ነበር። እንዲህ ያለ ኮከብ ገላውን እየገፈፈ ጋዝና አቧራ ይተፋል። እኔ የምፈልገው አቧራውን ነበር። ችግሩ የእኛም ተራራ አቧራ መስተዋቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ የቴሌስኮፑ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥረን ፎቶ እናነሳለን። እዚያ ላይ የሚታየው እድፍ የራሳችን ስለሆነ ከኮከቡ ፎቶ ላይ ይቀነሳል። የካ ሚካኤል ካለው ቤታችን ይዤው የምወጣው ጨርቅ የእናቴ የክት ነጠላ ነበር። ጥለቱን ወደ ውጭ አጥፌ ነጩን ብቻ እወጥረዋለሁ።

"ነጠላዬን ኮከብ ለበሰው በይኛ!" ብላ ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ቀን የኮከቡ ጋዝ ላይ ጥቁር መስመር አገኘሁ። ኮከቡን ወደ ፎቶው ሌላ ጥግ አድርጌ ደግሜ አነሳሁት፤ መስመሩም አብሮት ሄደ። የመስተዋት እድፍ ወይም የጨርቅ ጥላ ቢሆን ኖሮ ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ የኮከቡ የራሱ አቧራ ነው ማለት ነው። በደስታ አበድኩ።

ጽሑፌን ሳቀርብ እናቴ ያንኑ ነጠላ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መስመሩን ሳሳይ አማካሪዬ አቋረጠኝና በጣቱ ወደ እሷ ጠቆመ።

"ሶሪ፣ ይሄ የኮከብ ዳስት አይደለም። የእማማ ጥለት ጥላ ነው። አውጪው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ እጇ ግን ጥለቱን ብብቷ ስር ሲሸጉጥ አየሁ። መስመሩ ያለበት ገጽ ከጽሑፌ ወጣ። ኋላ ያው መስመር በአማካሪዬ ስም ታትሞ አገኘሁት። ሌባ! እስከዛሬ አንቱ ልለው አፌ እምቢ ይለኛል።

የዚያን ቀን ታክሲ ውስጥ፣ "እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ፣ ልጄ" አለችኝ።

"ውሸቱን ነው፣ እማዬ!"

"የተማረ ሰው አይደል፤ ምን በወጣው ይዋሻል?"

ጮህኩባት፣ ማልኩላት፣ ግን አላመነችኝም። ነጠላውን ዳግመኛ ለብሳው አላየሁም። እኔም ተራራውን እርም አልኩ።

ትናንት ነጠላውን ዘረጋሁት። ጥለቱ የለም። ክር በክር ተርትራ አውጥታዋለች፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ብቻ ነው። አንድ ቀን ተመልሼ እንድወጥረው አዘጋጅታልኝ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልነገረችኝም።

መስኮቱ ላይ ወጥሬ በብርሃን አየሁት። አንዲት እድፍ የለበትም።