ለቀለም ቀቢው የጠጣሁለት ወተት

አምና ነው፤ ዒድ አልፎ ሁዳዴ ግን ገና ሳይፈታ። መካነ ሰላም ውስጥ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ። ይኼን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ከሌላ ሰው ብትሰሙት ስለሚብስብኝ ነው።

ከአባቴ የወረስኩት አሮጌ ላንድሮቨር አለኝ። እሱን እንደ ድሮው ላሳምር ብዬ አያ ተፈራን ያዝኩ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ቀለም ቀቢ ናቸው። ከቀለሙ በፊት የሚረጨውን ፕራይመር ልንገዛ ሱቅ ስንገባ ባለሱቁ ሁለት ቆርቆሮ ከፈተልን። የአንዱ ሽታ ለስለስ ያለ ነው። ሌላው ገና ክዳኑ ሲነሳ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማን ያነባል! እኔ ነኛ አንባቢው፤ አላነበብኩም። «ወንዱ ይኼ ነው» ብዬ የሚያስለቅሰውን ይዤ ወጣሁ።

ላንድሮቨሩ ግቢያችን ካለው መጋዘን ውስጥ ቆሟል። አቧራ እንዳይገባብኝ በሩን ዘግቼ ሽንቁሩን ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩ።

«አያ፣ ጭንብል አላመጡም?»

«የኔ ጭንብል ወተት ነው፤ መርዙን ይሰብረዋል። አሁን ግን ጾም ነው። በል መምህር፣ አንተ እስላም አይደለህ፣ ጠጣልኝ!»

ጠጣሁላቸዋ! ወላሂ ጠጣሁላቸው። የስንቱን ልጅ መልስ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩ ሰውዬ፣ እሳቸውን ውስጥ ዘግቼ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ለሰው ሳንባ ወተት እጠጣለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ፕራይመሩን በሚረጨው ኮምፕረሰር ጩኸት መሃል ዜማ ሰማሁ። ማተብ ያሰሩት አያ ተፈራ መንዙማ ጀምረዋል! ሥራው ጣማቸው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ዜማው ተቋረጠ። አሁን ደግሞ ተመስጠው ነው አልኩ።

ባለቤቴ ዘይነባ ከጓዳ ወጥታ «ሰውየው ምነው ዝም አሉ?» አለች።

«እየሠሩ ነው፣ አትረብሻቸው።»

እሷ እኔን መስማት ከተወች ቆይታለች፤ አልሃምዱሊላህ። በሩን በርግዳ ገባች። አያ ተፈራ ጎማው ሥር ተዘርረዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሁለት ሆነን ጎትተን አወጣናቸው። «አያ! አያ!» እያልኩ ወዘወዝኳቸው። ገደልኳቸው፣ አለቀልኝ አልኩ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሟ «ምን ጠጥተው ነው?» ብትለኝ ምላሴ ቀድሞኝ «እሳቸው አልጠጡም፤ የጠጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። እኔንም አልጋ ላይ ልታስተኛኝ ነበር።

ኦክስጅን ተደርጎላቸው ነቁ። ባለቤታቸው እየሮጡ መጥተው እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። «አንተ ባትደርስለት ይሞትብኝ ነበር። ውለታህን እግዜር ይክፈልህ!» እያሉ በእንባ መረቁኝ። ዘይነባ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም «አሚን» አልኩ።

አያ ተፈራ ዛሬ ደህና ናቸው፤ በር ከፍተው፣ እውነተኛ ጭንብል አድርገው ይሠራሉ። ሴትየዋ ግን ገበያ ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው ለአላፊ አግዳሚው «ባሌን ያተረፈልኝ ይኼ ነው» ይላሉ። አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «አየህ ትሕትናውን!» ይሉልኛል።