ጠርሙሱ ያለበት ወረቀት

የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣችውን ቸኮላት ለእንግዳ ብላ ከወረቀቱ እያወጣች ሳህን ላይ ትደረድራለች። አንዱን ወረቀት አንስቼ አገላበጥኩት። ጥጉ ላይ ጥፍር የምታህል የኮኛክ ጠርሙስ አለች። "ተይው!" ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች።

በጎረምሳነቴ መቱ ውስጥ እትዬ ብርቄ ብስኩት ቤት ጋጋሪ ነበርኩ። ብስኩታችን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ማር ብቻ፣ ሌላው የታወቀ ፋብሪካ ኮኛክ ጠብ የሚልበት። በክረምት፣ ያ ሁሉ ጭቃ እያለ፣ የማሩ ሽታ መንገደኛውን ጎትቶ ያስገባው ነበር። የሁለቱም ወረቀት አንድ ነው፤ የኮኛኩ ላይ ግን የመጠጡን ስምና ጠርሙሱን አሳትመናል። ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩን ማን አውቆ?

የፋብሪካው ወኪል ጎሬ ላይ አይቶት ኖሮ መጣብን። "ማን ፈቀደላችሁ? አቁሙ!" አለ። ምድጃው ቀዘቀዘ። እትዬ ብርቄ ሲለምኑት ሰንብተው ፊታቸው ፈክቶ ተመለሱ።

"ተገላገልን! መጠጡን ጨምሩ፣ ስምም ጠርሙስም ግን እንዳላይ ብሏል።"

"ጋሼ ኑሩስ?" አልኳቸው።

ጋሼ ኑሩ ቡሬ ላይ የማሩን ብቻ የሚሸጡልን ባለሱቅ ናቸው። ከገጠር የሚመጡት ደንበኞቻቸው መጠጥ የማይነኩ፣ እንደ እኔው ግን ከፊደል የተጣሉ ናቸው፤ ሁለቱን የሚለዩት በጠርሙሱ ነው።

"መጠጥ አለበት ብለን እንጽፍበታለን።"

"ማን ያነበዋል? ያለ ጠርሙሱ አልጠቀልልም።"

"እንግዲያው ውጣልኝ! ግትር!"

ወጣሁ። እናቴ የምትበላው ከዚያ ቤት ደሞዜ ነበር፤ ያም ሆኖ በቀጥታ ወደ ቡሬ ሄድኩ። ጋሼ ኑሩ ሰምተው ሱቃቸውን ዘጉ። "ኮቱ፣ ና ወደ ወኪሉ እንሂድ" አሉኝ። ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ከእኔ እኩል ገፉ፤ ጎሬ የገባነው እስከ ጉልበታችን ቀይ ሆነን ነው።

ወኪሉ ከላይ እስከ ታች አያቸው። "እርስዎ መጠጥ አይቀምሱ፤ የመጠጥ ስም ምን አገባዎት?"

"ስለማልቀምስ ነው፣ ልጄ። ካላየሁት በምን እሸሸዋለሁ?"

ያመጣሁለትን የኮኛኩን ብስኩት አንስቶ ቀመሰ፤ እንደገና ቀመሰ። እኔ መንጋጋውን አያለሁ። "ለአለቆቼ እነግራለሁ" ብሎ አሰናበተን።

መልሱ እስኪመጣ ቡና ጆንያ ተሸከምኩ። ክረምቱ አልፎ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር እትዬ ብርቄ ራሳቸው ከብስኩት ቤቱ በረንዳ ላይ ጠሩኝ። "ና አንተ ደረቅ፣ ፈቅደዋል! የመጠጡ ልክ እንዳይለወጥ፣ ጠርሙሱም ከሩቅ እንዲታይ ብለዋል።" ጆንያውን እዚያው ጣልኩት።

ጋሼ ኑሩ ዛሬ የሉም። ከሰዓት የምትመጣዋ እንግዳ ልጃቸው ናት። ይቺ የቸኮላት ጠርሙስ እንዳትታይ ተብላ የተሣለች ትመስላለች፤ ያቺው ጠርሙስም ከወረቀቱ ጋር ልትጣል ነበር። ሳህኑን አንስቼ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

"ለእንግዳዋ ምን ልናቀርብ ነው ታዲያ?" አለች የልጅ ልጄ።

"ሙዝ" አልኳት። "ልጣጩን ራሷ ትላጠው።"