ያልተተኛበት አልጋ

ከኦክላንድ ወደብ ብዙም በማይርቅ ርካሽ ሞቴል እንግዳ የምትቀበለውም ክፍል የምታጸዳውም ሰገነት ብዙ ብስክሌተኛ አይታለች። ሐበሻ ብስክሌተኛ ግን ይህ ሰውዬ የመጀመሪያዋ ነው። ትናንት ወደ ማምሻው ላይ ሻንጣ የተጫነ ብስክሌቱን እየገፋ ገባና፣ "እህቴ፣ ታች ሩም ካለ ስጪኝ፤ ደረጃ አልችልም" አላት። ከሲያትል ተነሥቶ ከሞቴል ሞቴል እያደረ የመጣ፣ ድካም ድምፁን ሳይቀር የበላው ሰው ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር ለብሷል፤ ጺሙም አድጓል። የመንገድ ነገር ነው ብላ አለፈችው።

ጠዋት ፎጣ ልትቀይር ስትገባ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ትርፉ ብርድ ልብስ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ እሱ አጠገቡ ተንበርክኮ ጎማ ይነፋል።

"ምነው፣ አልጋው አልተመቸዎትም?"

"ኧረ ምንም አይል። ወገቤን ስለሚያመኝ ነው" አለ ቀና ሳይል።

ሰገነት ብርድ ልብሱን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። አባቷ የሞተ ጊዜ እናቷም እንዲሁ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ነበር የምትተኛው።

"እግዜር ያጽናዎት" አለችው ቀስ ብላ።

ፓምፑ ቆመ።

"ይህን ቃል ላለመስማት ነበር ከቤት የወጣሁት" አለና ሰውዬው ጉልበቱን ይዞ ተነሥቶ፣ ሌሊቱን ያልነካው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።