ከመወለዴ በፊት የተቀነሰ እንጀራ

ከቋሪት የምወጣበት ዋዜማ ምሽት ትዝ ሲለኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ለቅሶው ሳይሆን ጉርሻው ነው። በማግስቱ ከፍኖተ ሰላም አውቶቡስ ልሳፈር ነበርና እማዬ «በሰው አገር ማን ያጎርስሻል» እያለች ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አበላችኝ። ታናሽ እህቴ የሺ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ወሯ ገፍቶ፣ ከዚያው ገበታ ተቀምጣለች። እጇን ደግማ ስትዘረጋ እማዬ ቀስ አድርጋ መለሰቻት።

«አንቺ ይብቃሽ የኔ ልጅ። ከገዘፈ አልወጣም ይልሻል።»

የሺ ጣቷን ላሰች። እኔም ምንም አልመሰለኝም። በእኛ መንደር እርጉዝ ሴት ወሯ ሲገፋ ምግብ ትቀንሳለች፤ ልጁ አንሶ ምጡ እንዲቀል ነው። እማዬም እኔን ያረገዘች ጊዜ እንዲሁ አድርጋለች።

የመንገዱን መከራ ልተወው፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት ባያውቀው ይሻለዋል። ብቻ ጀርመን ገባሁ። ብርዱ የእኛን ደጋ ያስንቃል፤ በእኛ ብርድ ግን ቢያንስ ጎረቤት እሳት ይዞ ይመጣል። አከራዬ፣ እነሱ ፈርሚተር የሚሉት፣ ቁልፉን በሰጠኝ ቀን በሐዘኔታ «አገርሽ ድንች አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። በድንች ያደግሁትን የቋሪት ልጅ! «አለ» አልኩት፤ ለስድብ የሚሆን ቋንቋ ገና አልነበረኝም።

ሥራ ይዤ፣ ወረቀቴ ተስተካክሎ፣ እፎይ ስል የውሃ ጥም ያዘኝ። ጠጥቼ አልረካም። ስኳር ነው ተባልኩ። እኔን ነፋስ የሚወስደኝን! አከራዬ ይህን ሲሰማ ሆዱን ከቀበቶው በላይ አሳርፎ «ስኳርማ ብዙ የሚበላ ሰው በሽታ ነው» አለኝ። ከሐኪም ቤትም ድንች እንድቀንስ ታዘዝኩ።

የስኳር ሐኪሟ አንቱ እያለች ነው የምታናግረኝ። እዚህ አገር ሰውን የሚወቅሱት በአክብሮት ነው።

«እናትዎ እርስዎን አርግዘው ሳለ ምን ይመገቡ ነበር?»

«እናቴን እዚህ ምን አመጣት? የታመምኩት እኔ ነኝ።»

«ለማወቅ ያህል ነው።»

«መጨረሻው ላይ ምግብ ትቀንስ ነበር።»

«እህል ስላልነበረ?»

«ኧረ ጎተራው ሙሉ ነበር!»

ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። ልጅ በማኅፀን ሳለ ምግብ ካጠረው፣ ሰውነቱ የሚወጣበት ዓለም ረሃብ ነው ብሎ ይሰናዳል። ዘሩ አይለወጥም፤ ከዘሩ የትኛው ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ የሚለው ግን ያኔ ሊወሰን ይችላል። ለረሃብ የተሰናዳ ሰውነት ኋላ ምግብ ሲትረፈረፍበት ስኳሩን የሚያደርግበት ይጠፋዋል። ምልክቱ ለልጅ ልጅም ይተርፍ እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። «የእርስዎ ሕመም በዚህ መጣ ብዬ መማል አልችልም» አለች። ቀጥላም ራሷን ነቀነቀችና «እናትዎ ባያውቁ ነው» አለች።

ባያውቁ ነው! ይህቺ ቃል አንገበገበችኝ። ትራም ውስጥ ብቻዬን ሳወራ ሰው ፈቀቅ እያለ ተቀመጠ። እንዲያ ያናደደኝ ግን ሐኪሟ እውነቷን ስለመሰለኝ ነው። የየሺ የበኩር ልጅ አንዲት እፍኝ ሆኖ ነበር የተወለደው፤ እሷ ደግሞ አሁን ሁለተኛዋን ይዛ ወሯ ገፍቷል። ከዚያው ገበታ፣ ከእማዬ ጎን ነው የምትበላው።

ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሞ አንድ ቀን ገባልኝ።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ የሺን አትከልክያት። ትብላ።»

«ምን ሰምተሽ ነው ደግሞ?»

የሰማሁትን ነገርኳት።

«እንዲያ ከሆነ ያሳመምኩሽ እኔ ነኛ!»

«እንዲያ አላልኩም እማዬ።»

«ብትይም አልቀየምሽ። አንቺን በያዝኩ ጊዜ አክስትሽ ልጁ ገዝፎባት በቃሬዛ ወጣች። ፍኖተ ሰላም ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀረች፤ ልጁም አብሯት። እኔ ይህን አይቼ እንጀራዬን ቀነስኩ። አንቺም ተረፍሽ፣ እኔም ተረፍኩ። ያቺ ሐኪምሽ መንገዱን ታውቀዋለች?»

መንገዱ ያው ነው። አምቡላንስ አለ ይባላል፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው አያስወጣውም፣ ተኩስ ሲኖር ደግሞ የሚነዳው የለም። እናቴን ምን በላሽ ብሎ የሚጠይቅ እስከ ጀርመን ድረስ ሞልቷል። እስካሁን መንገዱ ለምን አልተሠራም ብሎ የተጠየቀ አንድ ባለሥልጣን ግን አላውቅም። ንዴቴ ቦታውን ያገኘው ያኔ ነው።

«እንግዲያው ቀኗ ሳይደርስ ፍኖተ ሰላም ትውረድ» አልኩ። «ሆስፒታሉ አጠገብ ትቆይ፣ እየበላች።»

«መንገዱ ከተከፈተ» አለች እማዬ፣ ድምፅዋ ደክሞ። «እስኪከፈት ግን ከኔ ጋር ናት። እንኪ፣ አናግሪያት።»

«የሺ፣ እየበላሽ ነው?»

ከወዲያ በኩል በር ሲከፈት፣ ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ። ወደ ደጅ መውጣቷ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እታለም፣ ይርበኛል» አለችኝ።

መስመሩ ተቋረጠ። እስከ ዛሬ እየደወልኩ ነው።