ሳይበሉ የወፈሩት ዓሦች

ጭሮ ውስጥ ለመመረቂያ ጥናቴ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በገንዳ አረባ ነበር። ዓሣ በቀን ምን ያህል እንደሚበላ ከክብደቱና ከውሃው ሙቀት ተነስቶ የሚገምት ስሌት አለ። የእኔ ሥራ ስሌቱ ልክ መሆኑን መፈተሽ ነው። ለዚህም ሳይበሉ ሰውነታቸው በቀን የሚፈጀውን ለማወቅ የአንዱን ገንዳ ዓሦች አሥር ቀን ሙሉ ምግብ ከለከልኳቸውና ምን ያህል እንደሚከሱ መጠበቅ ጀመርኩ።

በአሥረኛው ቀን ብመዝናቸው ወፍረዋል! ሚዛን ቀየርኩ፤ ያው ነው። አማካሪዬ ጋ ስደውል፣ «ቁጥር ፈጥረህ ልትመረቅ ነው?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው።

ቢጨንቀኝ ወደ ግቢው ጥበቃ፣ ወደ ኦቦ ሙሜ ሄድኩ።

«ኦቦ ሙሜ፣ እነዚህን ዓሦች የሚያበላ ሰው አይተዋል?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ፈገግ ብለው። «ለምን ምግብ አትሰጣቸውም ስልህ፣ ‹ጾም ላይ ናቸው› አላልከኝም? ረመዳን ነው፤ ብቻዬን ከማፈጥር ብዬ ቴምሩንም ሳምቡሳውንም አብረን ተካፈልን።»

«ጾም ላይ ያሉትን አበሏቸው?» ብዬ ጮህኩ። ጥፋተኛ ያደረግኳቸው መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ማሉልኝ፦

«ወላሂ፣ የማታው አዛን ሳይል አንድም ቀን አላበላኋቸውም!»