ከፍሬኑ አራት ስንዝር

አባዬ መኪናዋን የሠራት ቀራንዮ ባለው ግቢያችን፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው። ሻንሲዋን ከቱቦላሬ ብረት በየደ፣ ሞተሯን ከተገለበጠ አሮጌ መኪና አወጣ፣ አካሏን ላሜራ አለበሳት። ሰሌዳ ስላልነበራት ከሰፈር አትወጣም፤ ከቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤታችን። ወንበሯ ጣውላ ላይ የተቸነከረ ስፖንጅ ነበር፤ እማዬ በወረደች ቁጥር ወገቧን ይዛ ታማርራለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የተሳፈርኩባቸው መኪኖች ሁሉ ተደምረው የእሷን ያህል አላስደሰቱኝም።

ከዓመታት በኋላ የአባዬ ዓይን ደከመ። እሱ የብየዳ ጭስ ነው፣ ይለቀኛል ይላል። አንድ ጠዋት የጎረቤት የውሃ በርሜል ገጭቶ ሲያበቃ፣ በርሜሉን እዚያ ያስቀመጠውን ሰውዬ ተቆጣ። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሬ እሄዳለሁ አለች፤ በዚያ ጉልበቷ። ቀጥሎ የሚገጨው ሰው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መንዳት ይብቃህ የሚለው ግን ጠፋ። የድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ማን ይሰር እንደተባለው ሆነ። ወንድሞቼ አንቺን ይሰማሻል እያሉ ወደ እኔ ገፉት፤ እኔም ፈሪ ነኝ፣ ከሳምንት ሳምንት አራዘምኩት።

አባዬ በበኩሉ እማዬ የቀረችው በወንበሩ ምክንያት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። አየር ጤና ካሉት ጋራዦች ከአንዱ፣ ከተጋጨ አውቶሞቢል የወለቁ የፊትና የኋላ ወንበሮች ይዞ መጣ። የኋላው ገባ። የፊቶቹ እግር ግን ሻንሲያችን ላይ አልገጥም አለ፤ የሚንሸራተቱበት ሐዲድም ዝጎ ተጣብቋል። ስለዚህ ወንበር የሚታሰርባቸውን የድሮዎቹን አግዳሚ ብረቶች ቆርጠን በሌላ ቦታ አዲስ ልንበይድ ሆነ።

እኛ ቤት ሜትር የለም። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በስንዝር ለክቶ የኖረ ሰው ነው፤ ሜትር የያዘ ሲያይ እጁን አያምንም ብሎ ያሾፍበታል። ሁልጊዜ እሱ ይለካል፣ እኔ በጠመኔ አሰምራለሁ። ያን ቀን ግን ምልክቱን ማየት አቅቶት መሰለኝ፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ የኋለኛው አግዳሚ ከፍሬኑ አራት ስንዝር ይሁን፣ ፊተኛው እሱን ይከተል አለኝ። ለካሁ፣ አሰመርኩ፣ በየድኩ። በራሴ እጅ መለካቴ ትዝ ያለኝ ወንበሮቹ ታስረው ካለቁ በኋላ ነው። የአባዬ ስንዝር ደግሞ የእኔን በሁለት ጣት ይበልጣል።

አባዬ ሊሞክራት ገባ። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ፤ ተጣጥፎ እንኳ እግሩን ፔዳሎቹ ላይ የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። ወረደና ጎንበስ ብሎ ከፍሬኑ እስከ አግዳሚው በስንዝሩ ለካ። ሦስት ከምናምን። "የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ" እስኪለኝ ጠበቅኩ፤ ለጥፋቴ ሁሉ የሚጠቅሳት እሷን ነበር። አላለም።

"ላፍርሰው አባዬ?" አልኩት።

"እስቲ አንቺ ግቢበት።"

ገባሁ። እሱ ተንበርክኮ እግሬን በእጁ ዳሰሰ፤ ፍሬኑ ላይ በደንብ ማረፉን ማረጋገጡ ነው።

"ተይው" አለ፣ ሳይነሳ። "ላንቺ ልክ ነው። እኔ እንደሆነ በርሜሉንም አላየሁት።"

ቁልፉን ሰጠኝ። እማዬን ጠርቶ ከኋላ አስገባት፣ እሱ በፊት ዞሮ ጋቢና ተቀመጠ። ስንት ሳምንት የተመኘሁት በአንዲት ስህተት ሆነልኝ፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ የቀማሁት መሰለኝና መሪውን ይዤ አለቀስኩ። እማዬ ከኋላ ሆና ቅዳሴው ሊያልፈን ነው አለች።

እስኪሞት ድረስ እኔ ነበርኩ የምነዳው። ያን ቀን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ዞር ብዬ ሳየው፣ ቀኝ እግሩ ፍሬን በሌለበት ባዶ ላሜራ ላይ ጠበቅ ብሎ ተጭኗል። ይህን ልማዱን እስከ መጨረሻው አልተወም። መንገዱ ጭር ያለ ቢሆንም፣ እሱ እግሩን ሲጫን እኔም ፍሬኑን ነካ አደርግ ነበር፤ መኪናዋ ለእሱ የታዘዘችለት እንዲመስለው።