ጭስ ጭስ የሚለው ፍል ውሃ

ዛሬ ፍል ውሃ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፌ ሳለሁ፣ አንዲት መነኩሴ የገንዳውን ባለቤት በአንድ ጥያቄ አፉን አስያዙት።

ከላሊበላ ወጣ ብሎ አዲስ የተከፈተ ቦታ ነው። በሩ ላይ «ከመሬት የፈለቀ የተፈጥሮ ፍል ውሃ» የሚል ባነር ተሰቅሏል።

እኔ እዚሁ ተወልጄ ነው ያደግሁት። በአካባቢያችን እንኳን የሚፈላ፣ ለብ ያለ ምንጭም አላውቅም። ግን ጉልበቴን እያመመኝ ስለሆነ ገባሁ።

ከአጥሩ ጀርባ በቧንቧ የሚወርደው ውሃ ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ብቻ የባሕር ዛፍ ጭስ ጭስ ይላል። ከመሬት በታች ማን እንጨት ያነዳል?

ባለቤቱም አሁንም አሁንም ከአጥሩ ጀርባ እየሄደ፣ ዓይኑን እያሻሸ ይመለሳል።

ታዲያ ከገነተ ማርያም የመጡ አንዲት እማሆይ ጀሪካን ይዘው ብቅ አሉ። «ፍል ውሃ ፈለቀ» ሲባል ጸበል መስሏቸው፣ እህል ሳይቀምሱ ነው የመጡት።

«ልጄ፣ የማን ጸበል ነው?»

እኛ ጋ ጸበል ሁሉ የሚጠራበት ታቦት አለው። ሰውዬው ለዚህ አልተዘጋጀም። ገንዳውን አየ፣ ውስጡ የተዘፈዘፍነውን እኛን አየ፣ «የ... የሚካኤል» አለ።

«እሰይ! በል ከመሬት መፍለቁን በሚካኤል ማልልኝና ልቅዳ።»

እማሆይ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ፊቱ ቆመው ጠበቁ። እኛም ጠበቅን። እሱ መማልም፣ ከአጥሩ ጀርባ መሄድም አልቻለም።

ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ለብ አለ። ከዚያ ቀዘቀዘ።

እናንተስ «ተፈጥሮ ነው» ተብላችሁ ምን ውስጥ ገብታችኋል? ጻፉልኝ። ግን መጀመሪያ ማሉ።